የአምስት ሰከንድ ቅጣትና የሶማሌ ተራ ዳኝነት

እኔ በተፈጥሮዬ ጠበኛ ሰው አይደለሁም። ይህን የምናገረው ሚስቴ በሌለችበት ስለሆነ ሳታቋርጡኝ ስሙኝ። የታክሲ ሰልፍ ላይ ሰው ከፊቴ ቢገባ ዝም እላለሁ። ምግብ ቤት ገብቼ ያዘዝኩት ቀርቶ ያላዘዝኩት ቢመጣልኝ አመስግኜ እበላለሁ። ፍርድ ሲዛባ ግን አልችልም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ያለው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ በእናቴ በኩል ዘመዴ ሳይሆን አይቀርም። የእኔ ጭብጦ ደግሞ አምስት ሰከንድ ነበረች።

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ዋናው ሥራዬ የፍሬን ሸራ ነው። መኪና መንዳት ግን አልችልም፤ መንጃ ፈቃድም የለኝም። ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ይሻላል ብዬ ነው። ደግሞስ ምን አለበት? ዓሣ ሻጭ ሁሉ ዋናተኛ ነው ወይ?

የመኪና እሽቅድምድም ማየት የጀመርኩት በአጋጣሚ ነው። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አማኑኤል ሰፈር እትዬ ጽጌ ምግብ ቤት ኳስ እናያለን። አንድ እሑድ ኳስ ጠፋ። እትዬ ጽጌ ቴሌቪዥኑን ሲነካኩ፣ ሃያ የሚሆኑ መኪናዎች ቀፏቸው እንደተነካ ንቦች እየጮኹ ድንገት ብቅ አሉ። እዚያው ይቆይ አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው አልሆንኩም። ለራሴም አንድ ሾፌር መረጥኩ፤ ቢጫ መኪና የሚነዳውን። የመረጥኩት በዚያ ቀን መጨረሻ ስለወጣ ነው። መጨረሻ ሆኖ እንኳ የሚነዳው አንደኛ እንደሆነ ሰው ነበር፤ ይህ ጠባይ ከእኔ ጋር ገጠመ። ስሙ ለአፌ ስለማይመች «ልጄ» እለዋለሁ።

አብረውኝ የሚያዩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ጀማል ነው። ሱቁ ከሱቄ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ካምቢዮ ይሸጣል። አሥራ አምስት ዓመት ጎረቤቶች ሆነን አንድ ቀን ክፉ አልተነጋገርንም። በእርግጥ ጀማል ደግም ቢሆን ብዙ አይናገርም። እሱ በቀን የሚናገረውን እኔ የሱቄን ቁልፍ ስከፍት እጨርሰዋለሁ። ሁለተኛው ጋሼ ወንድማገኘሁ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ትራፊክ ፖሊስ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ቆመው ነው። ጡረታ ቢወጡም እጃቸው ጡረታ አልወጣም። እትዬ ጽጌ ትሪ ይዘው ሲመጡ፣ ከወዲያ የሚመጣውን ሰው አስቁመው እትዬ ጽጌን ያሳልፋሉ።

ያን እሑድ ልጄ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛ ሆኖ ይነዳ ነበር። ከፊቱ ያለው አንድ ነጭ መኪና ብቻ ነው። ሦስት ዙር ሲቀር ኩርባ ላይ ከውስጥ በኩል ገባ። ተነካኩ። ነጩ ከመንገድ ወጥቶ ጠጠር ውስጥ ዋኝቶ ተመለሰ፤ ልጄ ግን አለፈ። ሦስቱን ዙር ቆሜ ነው ያየሁት። አንደኛ ሆኖ ሲገባ ጀማልን አቀፍኩት፣ ጋሼን አቀፍኩ፣ የማላውቀውን ሽሮ የሚበላ ሰውዬም አቀፍኩ። ሰውዬው ሽሮውን እንደያዘ ታቀፈልኝ።

ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ ጽሑፍ መጣ። ዳኞቹ ተሰብስበው ልጄ ላይ አምስት ሰከንድ ጨመሩበት። አምስት ሰከንድ ሲጨመርበት አራተኛ ሆነ። እስቲ ፍረዱ። ሰውዬው ያን ሁሉ ዙር በላብ ተጠምቆ ይነዳል፤ የአንድ ፈረስ ሳይሆን የፈረስ መንጋ ጉልበት ያለው ሞተር ይዞ ነፍሱን አስይዞ አንደኛ ይወጣል፤ ከዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡ፣ ላብ ያልነካቸው ሰዎች አራተኛ ነህ ይሉታል። ሮጦ የቀደመን ሰው ተቀምጦ መቅደም ይቻላል ማለት ነው። ይህ ከሆነ እኔም ከሱቄ ሳልወጣ ሯጭ ነኝ።

ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀልኝ። ጋሼ ወንድማገኘሁ ግን ጣታቸውን ጠርገው ቅጣቱ ተገቢ ነው አሉ።

እንዴት ብዬ ጠየቅኩ። ጋሼ የጨውን ዕቃ አመጡ፤ ነጩ መኪና ይኸውልህ አሉ። የአዋዜውን ዕቃ ልጄ አደረጉት። የትሪው ጠርዝ ኩርባ ሆነ። ከዚያ በትዕግሥት አስረዱኝ፦ ከውስጥ የሚገባ ሰው ኩርባው ሳይጀምር ጎን ለጎን መድረስ አለበት፤ ልጄ ግን ዘግይቶ ነው የገባው፤ ፍሬን የያዘው ቦታው ካለፈው በኋላ ነው፤ መኪናው ከቁጥጥሩ ስለወጣ ሰውዬውን ገፋው። እኔ ደግሞ ነጩ እያየው በር ዘጋበት አልኩ። አዋዜውን ወደ ፊት ገፋሁ። ጋሼ ወደ ኋላ መለሱት። እኔ እንደገና ገፋሁ። በሦስተኛው ልጄ ትሪውን ስቶ በጋሼ ነጭ ጋቢ ላይ ተደፋ።

ጋሼ ጋቢያቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ምግብ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣ «ለመሆኑ አንተ መንጃ ፈቃድ አለህ?» አሉኝ።

ሳቁን አልገልጸውም። ሽሮውን የያዘው ሰውዬ ሳይቀር ሳቀ፤ ያቀፍኩት ሰውዬ። መጠጊያ ፍለጋ ወደ ጀማል ዞርኩና አንተስ ምን ትላለህ አልኩት። ጀማል ትንሽ አሰበ። «ቅጣቱ ልክ ነው» አለ። የዕለቱን ቃል በሙሉ ቆጥቦ ቆጥቦ እኔ ላይ አዋለው።

ሰኞ ሱቄን የከፈትኩት በሩ ላይ በጠመኔ ኩርባ ስዬ ነው። የሚኒባስ ሾፌር የፍሬን ሸራ ሊገዛ መጣ፤ ሸራውን ከመስጠቴ በፊት አስፈረድኩት። መጀመሪያ ጥፋቱ የቢጫው ይመስለኛል አለ። ሸራው የለም አልኩት። ሸራውን እዚያው እያየው መሆኑን ነገረኝ። እንደገና እንዲያስብበት መከርኩት። እንደገና ሲያስብበት ልጄ ንጹሕ ሆኖ አገኘው። ሸራውን ይዞ ወጣና አጠገቤ ጀማል ሱቅ ገብቶ፣ ያ ሰውዬ ጤና የለውም እንዴ ብሎ ሲጠይቅ በግድግዳው በኩል ሰማሁት። ጀማል ምን እንደመለሰ አልሰማሁም። ጀማል ነዋ።

እስከ ማክሰኞ ሶማሌ ተራ ለሁለት ተከፈለ። ጎሚስታዎቹ በሙሉ ከእኔ ጋር ሆኑ፤ ጎማ የሚነፋ ሰው ድሮም ደፋር ይወዳል። የተጋጨ መኪና የሚያቃኑት ደግሞ ከጀማል ጋር ቆሙ፤ እንጀራቸው ግጭት ሆኖ ሳለ ግጭትን ሲያወግዙ አለማፈራቸው ገረመኝ። ከሁለቱም ወገን ውድድሩን ያየ አንድ ሰው የለም። ለመከራከር ማየት ቀድሞስ መቼ አስፈልጎ ያውቃል?

እንፈትነው ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም ላይ አላላክክም። ሁለት የእጅ ጋሪ፣ አንድ ኩርባ፣ አንድ ዳኛ። ጀማል ነጩ ይሆናል፣ እኔ ቢጫው። ከውስጥ በኩል እገባና ቦታ ካልተተወልኝ መጋጨት የግድ መሆኑን ሰው ሁሉ በዓይኑ ያያል። ጀማል አልፈልግም አለ። ፈራህ አልኩት። ደጋፊዎቹ ሲያዩት ጊዜ ኮቱን አወለቀ።

ጋሪዎቹን የሰጠን ደምሴ የሚባል ከጎጃም የመጣ ተሸካሚ ነው። ሶማሌ ተራ ውስጥ ስለ ጋሪ ከደምሴ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔን ከእግር እስከ ራሴ ካየኝ በኋላ ባዶውን ጋሪ እንድይዝ መከረኝ። ጋሪ ጭኖ ሲሮጥ ሰው ጋሪውን አይገፋም፣ ጋሪው ነው ሰውን የሚወስደው አለኝ። ደግሞም ፍሬን የለውም አለ። የፍሬን ሸራ ነጋዴ ስለ ፍሬን ሲመከር መስማት ከበደኝ። ውድድር ያለ ክብደት ውድድር አይደለም ብዬ በየጋሪው ላይ አንዳንድ አሮጌ ካምቢዮ አስጫንኩ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ገበያው ሳይሞላ፣ ከላይ ከጎሚስታው ደጅ ተነሣን። መንገዱ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ታች የውኃው ቦኖ ጋ ወደ ግራ ይታጠፋል። ጋሼ ወንድማገኘሁ ለዳኝነት ተጠርተው መጥተዋል። የድሮ ፊሽካቸውን አፋቸው ውስጥ አድርገው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ከኩርባው ማዶ ቆመዋል። የሃያ ዓመት ወጣት መስለዋል።

ፊሽካው ተነፋ። ጀማል እንደ አነጋገሩ ነው የሚሮጠው፤ ትንሽ፣ ግን የማይባክን። ቀደመኝ። እኔ ግን ከኋላ ሆኜ ጎሚስታዎቹ ሲያበረታቱኝ ደሜ ፈላ። ገፋሁ። እንደገና ገፋሁ። ከዚያ አንድ ነገር ተለወጠ፤ መግፋቴን አቁሜ መያዝ ጀምሬያለሁ። ደምሴ ያለው ደረሰ። እግሬ መሬት የሚነካው አልፎ አልፎ ነበር። ቦኖው እየተንደረደረ ወደ እኔ መጣ። ጀማል ሲታጠፍ አየሁ። የመጨረሻ ያየሁት ይህን ነው።

የግጭቱን ድምፅ ሰማሁ። የጀማል ጋሪ ተገለበጠ፤ ካምቢዮው ተንከባልሎ ጭቃ ውስጥ ተቀመጠ። የእኔ ጋሪ ቀጥ ብሎ ሄዶ በአንድ ጎማው የጋሼ ወንድማገኘሁን ጫማ ረግጦ ቆመ። ፊሽካው አፋቸው ውስጥ ስለነበር ጩኸታቸው በፉጨት ወጣ፤ በጣም ረጅም ፉጨት። ላይ መንገድ ላይ ሁለት ታክሲዎች ቆሙ ብለው የነገሩኝ አሉ።

ጋሼን አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጥናቸው። ደምሴ ጫማቸውን አውልቆ አውራ ጣታቸውን ዳሰሰ። አልተሰበረም፣ ጥፍሩ ግን ይሄዳል አለ። ጀማል ክንዱ ተልጦ ነበር። እኔ ምንም አልሆንኩም። ሰዉ ሁሉ የጋሼን አፍ ይጠብቃል። እኔም አንገቴን ደፍቼ የሚወርድብኝን ስጠብቅ ጋሼ ላባቸውን ጠርገው ፈረዱ።

«ጥፋተኛው ጀማል ነው። ይሄኛው ጎን ለጎን ደርሶ ሳለ ቦታ አልተወለትም።»

ቅጣቱንም ተናገሩ። ጀማል ሰባት የሥራ ቀን የተራውን ደጅ በሙሉ ከሁሉ ቀድሞ እየመጣ ይጠርጋል። ጀማል እሺ አለ። ጎሚስታዎቹ እኔን ተሸከሙኝ። ተሸካሚ በሞላበት መርካቶ በነጻ የተሸከሙት ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አሁን እውነቱን ልናገር።  ጎን ለጎን አልደረስኩም። ወደ ጎኑም አልቀረብኩም። ኩርባው ሲመጣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ስመጣ ተራው እንደ መስተዋት ሆኗል። ጀማል የእኔን ደጅ ከራሱ ደጅ አብልጦ ጠርጎታል፤ የበሩ ብረት ሥር ሳይቀር በእንጨት ቆፍሮ አውጥቶታል። ተሳድቦ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰላም አልኩት፤ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ መለሰልኝ። ዓርብ ጠርጎ ሲጨርስ ሱቄ ገባና በጋዜጣ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ስከፍተው የሱቄ ሁለተኛ ቁልፍ ነው። ስታመም እንዲከፍትልኝ የሰጠሁት፣ አሥራ አምስት ዓመት ከራሱ ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት የኖረ ቁልፍ። ተለይቶ ሳየው ትንሽ መሰለኝ።

ለደጋፊዎቼ ነገርኳቸው። ዋናውን ጎሚስታ ጠርቼ፣ ስማ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው አልኩት። ግራ ቀኝ አየና ድምፄን እንድቀንስ ጠየቀኝ። አሸንፈናል፤ እኛን ለምን ታዋርደናለህ አለኝ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር ስለው፣ አንበሳም ሲዘል ይጨፍናል አለኝ። አንበሳ ሲዘል ያየ ይመስል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ገዝቼ ጋሼ ወንድማገኘሁ ቤት ሄድኩ። እግራቸውን ለብ ያለ ጨው ውኃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። ምሕረት ጠየቅኩ፤ እሳቸውም ማሩኝ። ከዚያ የመጣሁበትን ነገር ተናገርኩ፦ ፍርዱ ልክ አይደለም፣ ጀማል ንጹሕ ነው፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የገባሁት።

«አይቼሃለሁ» አሉኝ ብርቱካን እየላጡ። «ፊት ለፊትህ አይደል የቆምኩት?»

 ታዲያ ለምን ጀማል ላይ ፈረዱ አልኳቸው። ጋሼ ምንም ሳያፍሩ አስረዱኝ። እኔን ቢቀጡኝ እስከ ፋሲካ ስሟገት እኖራለሁ፤ ተራው ለሁለት እንደተከፈለ ይቀራል፤ ደጁም አይጠረግም። ጀማል ግን ይጠርጋል፤ ነገሩም እዚያው ይቆማል። ከዚያ በሕይወቴ የማልረሳውን ተናገሩ።

«መንገድ ሲዘጋጋ ጥፋተኛውን አትፈልግም። የሚሰማህን ሰው ነው የምታስቆመው።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። በዚያ ሳምንት የተናደድኩት ንዴት ሁሉ ተደምሮ የዚህን ግማሽ አይሆንም። ጨዋ ሰው ጨዋ ስለሆነ ይቀጣል ማለት ነው? ጯሂ ሰው ስለሚጮህ ይታለፋል? ደግሞ ያንገበገበኝ ሌላም ነገር አለ፤ በዚህ ስሌት ውስጥ ጯሂው እኔ ነኝ። ነጻ የወጣሁት ንጹሕ ሆኜ ሳይሆን አስቸጋሪ ሆኜ ነው። ሰው ንጹሕ ሆኖ ቢጠረጠር ይሻላል እንጂ እንዲህ ባለ ምክንያት ምሕረት አይቀበልም። ቅጣቴን ስጡኝ አልኳቸው። ውሳኔ ውሳኔ ነው አሉ። ይቀጡኝ ብዬ ተሟገትኩ። ለመቀጣት የምችለውን ያህል ጮኽኩ። ባለቤታቸው ማን ተጣላ ብለው ከጓዳ ወጡ። በመጨረሻ ጋሼ ደክሟቸው፣ ይግባኝ ካለህ ለጀማል በለው ብለው እግራቸውን ከውኃው አወጡ።

እሑድ እትዬ ጽጌ ጋ አልሄድኩም። ልጄ ስንተኛ እንደወጣ እስካሁን አላውቅም።

ሰኞ ገና ሳይነጋጋ ሶማሌ ተራ ደረስኩ። ጀማል መጥረጊያውን ይዞ ጀምሯል። ሄጄ እንጨቱን ያዝኩ። አልለቀቀም። ሳብኩ፤ ሳበ። ሁለት የሃምሳ ዓመት ጎረምሶች በአንድ መጥረጊያ ስንጓተት ያየን ጥበቃ ዱላውን ይዞ ተነሣ። እየሳብኩ ሁሉን ነገርኩት፦ ጎኑ እንዳልደረስኩ፣ ዓይኔን እንደጨፈንኩ፣ ጋሼ እንዳዩኝ፣ ለምን እሱን እንደቀጡት። አንድም አላስቀረሁ። ስለ ልጄ ቅጣት ግን ሐሳቤን እንዳልቀየርኩ ጨመርኩ፤ ያ ቅጣት ዛሬም ግፍ ነው፤ እዚያ ላይ ድርድር የለም።

 ጀማል መጥረጊያውን ለቀቀልኝ። በርጩማውን አውጥቶ ደጁ ላይ ተቀመጠ።

ሰባቱንም ቀን እንደ አዲስ ከአንድ ጀምሬ ጠረግኩ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሰው የሰውን ቆሻሻ የሚያውቀው ሲጠርግ ነው። ጎሚስታዎቹ፣ የተሸከሙኝ ጎሚስታዎች፣ የላስቲክ ቁራጭ እግሬ ሥር እየጣሉ አዋረደን ይላሉ። የጀማል ደጋፊዎች ጥርሳቸውን ፍቀው እንጨቱን ከኋላዬ ይወረውራሉ። ደምሴ ብቻ አንድ ቀን ቆሞ አይቶኝ፣ ቀስ ብለህ ግፋው፣ መጥረጊያም ይወስድሃል አለኝ። ጀማል በየቀኑ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ያያል፤ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ይህንንም እየተናደድኩ ጠረግኩ። ሰው ጥፋቱን ካመነ በኋላ ዝም የሚባለው በየትኛው ሕግ ነው?

በሰባተኛው ቀን የመጨረሻዋን ደጅ ጨርሼ ወገቤን ይዤ ቀና ስል ጀማል ከበርጩማው ተነሣ።

«ቁርስ በልተሃል?» አለኝ።

በልቻለሁ። ሚስቴ ጥግብ አድርጋ ነው የላከችኝ። አልበላሁም አልኩት፤ ይህንንም የሚቀጣ ዳኛ ካለ ይምጣ።